ዋናው ሲቀየር ምክትሉ ለምን ይባረራል?

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ሱዳን ጋናን ቤንጋዚ ላይ 2 ለ 0 አሸነፈች። ሱዳን በጦርነት ላይ ስለነበረች ብሔራዊ ቡድኗ የሜዳው ጨዋታ የተባለውን እንኳ ያካሄደው በሊቢያ ነው። በማጣሪያው መጨረሻ ሱዳን ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈች፣ ጋና ቀረች። ሱዳንን ያሰለጠኑት ጋናዊው ኩዌሲ አፒያ ነበሩ።

የአፒያ የሥራ ታሪክ፣ አዲስ ዋና አሰልጣኝ በተሾመ ቁጥር ለሚነሳው ክርክር ጥሩ ማስረጃ ነው። ነባሮቹ ምክትሎች ይቆዩ ወይስ አዲሱ ሰው የራሱን ያምጣ? አፒያ በጋና ብሔራዊ ቡድን የሰርቢያዊው ሚሎቫን ራዬቫች ምክትል ነበሩ፤ ጋና በ2010 የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ስትደርስም አብረው ነበሩ። ራዬቫች ሲሄዱና ጎራን ስቴቫኖቪች ሲተኩ አፒያ በቦታቸው ቆዩ። በ2012 ዋናው ወንበር ሲሰጣቸው ተጫዋቾቹን ለመተዋወቅ ጊዜ አላስፈለጋቸውም፤ ቡድኑን ወደ 2014 የዓለም ዋንጫ አሳልፈዋል። ስቴቫኖቪች በሹመታቸው ማግስት ሁሉንም አሰናብተው ቢሆን ኖሮ ጋና ይህን ዕድል ባላገኘች ነበር።

ካርቱምንም ያወቋት ብሔራዊ ቡድኑን ሲረከቡ አይደለም። ከ2014 መጨረሻ እስከ 2017 የአል ካርቱም ክለብ አሰልጣኝ ነበሩ። በ2023 ሱዳንን ሲረከቡ የሊጉን ባህልና የክለቦቹን ፉክክር ቀድመው ያውቁ ነበር። ለተሰደደ ቡድን እንዲህ ያለ ዕውቀት ትልቅ ስንቅ ነው። የሱዳኖቹ ክለቦች የሂላልና የመሪክ ተጫዋቾች በሞሪታኒያ ሊግ ሲጫወቱ በከረሙበት ዘመን፣ ማን ደክሟል፣ ማን ቤተሰቡን ፍለጋ ላይ ነው የሚለውን የሚያውቅ ሰው በአሰልጣኞች ቡድኑ ውስጥ ያስፈልጋል።

ተቃራኒው ሐሳብም ክብደት አለው። ዋና አሰልጣኝ በውጤቱ የሚጠየቅ ሰው ነው፤ የሚተማመንበትን ቀኝ እጅ መከልከል ተገቢ አይደለም። ወንበሩን የተመኘ ነባር ምክትል ደግሞ የመልበሻ ክፍሉን ምስጢር ወደ አመራሩ ሊያወጣ ይችላል። ይህ ፍርሃት መሠረት ቢኖረውም ሁሉንም ለመጥረግ በቂ ምክንያት አይሆንም። ዴቪድ ሞይስ በ2013 ማንቸስተር ዩናይትድን ሲረከቡ ማይክ ፌላን፣ ሬኔ ሞይለንስቲን እና የግብ ጠባቂዎች አሰልጣኙ ኤሪክ ስቲል ክለቡን ለቀቁ፤ ሞይስም የራሳቸውን ሰዎች ከኤቨርተን አመጡ። ከሰር አሌክስ ፈርጉሰን ጋር ሻምፒዮን የሆነው ቡድን ሰባተኛ ደረጃ ላይ ሳለ ሞይስ በሚያዝያ 2014 ተሰናበቱ። ውድቀቱ በዚህ ብቻ አልመጣም፤ ነገር ግን ቡድኑን የሚያውቁት ሰዎች በአንድ ጊዜ መውጣታቸው ፈተናውን አክብዶታል።

ጉዳዩ ለእኛ ለኢትዮጵያውያንም ቅርብ ነው። በ2012 ሱዳንን በማጣሪያ አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስንመለስ አሰልጣኛችን ሰውነት ቢሻው ነበሩ። እሳቸው ከተሰናበቱበት ከ2014 እስከ 2020 ባሉት ዓመታት ማሪያኖ ባሬቶ፣ ዮሐንስ ሳህሌ፣ ገብረመድኅን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለ፣ አብርሃም መብራቱ እና ውበቱ አባተ ተፈራርቀዋል። ወንበሩ በዚህ ፍጥነት ሲለዋወጥ ምክትሎቹም አብረው ከወጡ የተጫዋቾቹ የጉዳት ታሪክ፣ የልምምድ መዝገብና የተጋጣሚ ጥናት ማን ዘንድ ይቀራል?

ስለዚህ ነገሩ በውል ላይ ይስፈር። ዋና አሰልጣኙ አንድ የቅርብ ረዳቱን ያምጣ፤ ፌዴሬሽኑ ወይም ክለቡ ደግሞ ቢያንስ አንድ ነባር ምክትል ያቆይ፤ የምክትሉም ሥራና ተጠሪነት ከመጀመሪያው ቀን ይገለጽ። ምክትሉ ታማኝነት ከጎደለው ይሰናበት፤ የቀድሞው አሰልጣኝ ሰው ነው ተብሎ ግን አይባረር። አፒያም ለዋና አሰልጣኝነት የበቁት ሁለት የውጭ አሰልጣኞች ከነባሩ ምክትል ጋር መሥራት ስለቻሉ ነው።