«ስሜቱ ሲመጣ እሠራለሁ» ያለ ሠዓሊ ሽበት ይቀድመዋል!

ዛሬ የፍቅርና የትዳሩን ጣጣ ለሌላ ጊዜ እናቆየውና ስለ ሌላ ዓይነት ፍቅር እናውጋ። ሥዕል ይሁን ግጥም፣ ክራር ይሁን ጥልፍ፣ ብቻ በእጁ አንድ ነገር መፍጠር የሚወድ ሰው ሁሉ ይህችን ሕመም ያውቃታል። ቀለሙ አለ፣ ሸራው አለ፣ ጊዜውም አለ… ሥራው ግን የለም! «ምነው?» ሲሉት «ስሜቱ አልመጣም» ይላል። መቼ ይመጣል? ነገ። ነገ ደግሞ ስሜቱ መጣሁ መጣሁ ሲል ስልክ ይጠራል። ከስልኩ በኋላ ቡና፣ ከቡናው በኋላ ቲክቶክ፣ ከዚያማ መሸ!

ይህን ሰው ሰነፍ ነው ትሉት ይሆናል። እኔ አልልም። ፈርቶ ነው። ሥራው ያለቀ ዕለት ጉድለቱ አብሮ ስለሚታይ፣ ሥራው እንዳያልቅ ያደርጋል። ያልተጀመረ ሥዕል እኮ እንከን የለውም!

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ አንድ የሐይቅ ልጅ ነው። ስሙ ይቆየን። ሐይቅ ስል፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳችሁ የምታገኟትን፣ በውኃዋና በዓሣዋ የምትታወቀውን ከተማ ማለቴ ነው። ልጁ ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ቀን ቀን ለሱቁና ለምግብ ቤቱ ታፔላ ይጽፋል፤ ማታና እሑድ ደግሞ ለነፍሱ ይሥላል። የሚሥለውም ያንኑ ሐይቁን ነው። ለዘመድ ጉዳይ ወደዚያ በሄድኩ ጊዜ ሥራውን እንዳይለት ቤቱ ወሰደኝ። 11 ሸራ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ሁሉም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል፤ ልክ እንደተቀጣ ተማሪ!

«ምነው እነዚህ?» አልኩት።

«ያላለቁ ናቸው ጋሼ፣ አይዩዋቸው።»

እኔ ደግሞ አይዩ ሲሉኝ የባሰ ማየት ነው የሚያምረኝ። አንዱን ገልበጥ አደረግኩት። ማለዳ ነው፤ ውኃው ገና አልነቃም፤ አንድ ዓሣ አጥማጅ መረቡን ይጎትታል። ልብ ይሰርቃል! ግን ሰውየው እጅ የለውም። ክንዱ ከመረቡ ሊደርስ ሲል ሥዕሉ ቀጥ ይላል።

«ስንቴ እንደሞከርኩት አይጠይቁኝ። ሠራሁ፣ ደመሰስኩ፣ ሠራሁ፣ ደመሰስኩ… እጅ አይሆንልኝም። እጅ መሥራት ያቃተው ሰው ደግሞ ምኑን ሠዓሊ ሆነው?»

ከዚያ የሆዱን ዘረገፈው። ታፔላ ሲጽፍ እጁ አይንቀጠቀጥም፤ ለምን ቢባል ደንበኛው ቆሞ ይጠብቃላ! የራሱ ሥራ ላይ ሲቀመጥ ግን አንዲት መስመር አስምሮ ስልኩን ያነሳል። ስልኩ ላይ የዓለም ሠዓሊ ሁሉ ተሰልፏል፤ የሩቁም የቅርቡም። የሁሉም እጅ ያምራል። ያን አይቶ ወደ ራሱ ሸራ ሲመለስ ሸራው ያስጠላዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመት ሙሉ አንድም ሥዕል አልጨረሰም። አሁን ቀለሙንና ሸራ ማቆሚያውን ሽጦ፣ ከደላላ ጋር በጅቡቲ በኩል ባሕሩን ተሻግሮ ዓረብ አገር ሊገባ ነው። እናቱ ይህን አልሰሙም። እኔ ሰማሁ፤ እንቅልፌንም ነሳኝ። ያ መንገድ ስንቱን የወሎ ልጅ እንደበላ የሚያውቅ ያውቀዋል።

እጅ እስኪችል ቢጠብቅ ኖሮ…

በማግስቱ ለሱ ያልኩትን ለናንተም ልድገመው። ምክሩን ከሩቅ አላመጣሁትም፤ ከደጁ ነው ያነሳሁት።

«አንተ ልጅ» አልኩት፣ «ይህ ሁልጊዜ የምትሥለው ውኃ ዳር ያለውን የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ታውቀዋለህ። በ13ኛው መቶ ዘመን በአቡነ ኢየሱስ ሞአ ጊዜ ታላቅ የትምህርት ቦታ ነበር። እሳቸው ለገዳሙ የሰጡት፣ በ1273 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈ የአራቱ ወንጌል መጽሐፍ አለ። ከ700 ዓመት በላይ ሆኖታል! በውስጡም ሥዕሎች አሉ፤ የራሳቸው የአቡነ ኢየሱስ ሞአ ሥዕል ጭምር። የዚያን ዘመን የብራና ሥዕል ያየ ሰው ያውቃል፤ ዓይኑ ጎላ ያለ ነው፣ ልብሱ በመስመር በመስመር ነው፣ እጁ ደግሞ እንደ ፎቶግራፍ እጅ አይደለም። ያ ሠዓሊ ‹እጅ እስክችል ልቆይ› ብሎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ምን እናይ ነበር?»

ዝም አለ።

ቁም ጸሐፊውንም አስቡት። የፍየሉ ቆዳ ይነከራል፣ በእንጨት ላይ ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ በወስፌ ይሰመራል። አንድ ትልቅ መጽሐፍ የስንት ፍየል ቆዳ ይፈጃል! ታዲያ ጸሐፊው አንዲት ቃል ሲሳሳት ያን ሁሉ የተለፋበትን ብራና ቀዶ ይጥለዋል? ከየት አምጥቶ! በቢላ ይፍቅና ደግሞ ይጽፍበታል። ቃል ከዘለለ ከመስመሩ በላይ በደቃቅ ፊደል ያስገባዋል፣ አለዚያም ኅዳጉ ላይ ያሰፍረዋል። እንዲህ ያለ እርማት በየብራናው ሞልቷል። ፊደሉን የሚያነብ ሰው እርማቱን አይቶ «ይሄ መጽሐፍ አይረባም» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም።

በአምስት ድምፅ ስንቱ ተባለ!

ከሐይቅ ወደ ሰሜን ስታልፉ አምባሰል ይመጣል። ስሙን ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን በአንዱ ታውቁታላችሁ፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። ባቲም የወሎ ከተማ ናት፤ ከአራቱ ሁለቱ የወሎ ቦታ ስም ናቸው ማለት ነው። አምባሰል ስንት ድምፅ አለው? አምስት! በቃ። ሁለተኛው ድምፅ ከመነሻው የሚርቀው በግማሽ ድምፅ ብቻ ነው፤ ያቺ ጠባብ እርምጃ ናት ሆድ የምታባባው። ማሲንቆው ደግሞ ያለው አንድ ክር ነው፤ ያውም የፈረስ ጭራ።

በዚያች በአንድ ክር ስንት ሰርግ ደመቀ፣ ስንት ሰው ናፍቆቱን ተነፈሰ! አዝማሪው ክሩ ሲላላበት መቃኛውን ጠምዘዝ አድርጎ ይቀጥላል እንጂ «ዛሬ ስሜቱ የለኝም» ብሎ ሰርግ ቤት ጥሎ አይወጣም። ቢወጣማ ሽልማቱም ቀረበት! ልጃችን ደግሞ ያለው ሦስት ቆርቆሮ ቀለም ብቻ በመሆኑ ያዝናል። ሦስት ቀለም እኮ በአንድ ክር ፊት ሀብት ነው።

ልጁ ግን በዋዛ አልተረታልኝም። «እነሱ ጋሼ ለእግዜር ነው የሠሩት፣ አዝማሪውም ተከፍሎት ነው። እኔን ማን ይጠብቀኛል?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ጥያቄው የዋዛ አይደለም። እኔም ወደ ፈረንጅ አገር አሻገርኩት።

ሞኔ የሚባል ፈረንሳዊ ሠዓሊ ነበር። በግቢው ያለችውን አንዲት ኩሬ ከነአበባዋ ወደ 250 ጊዜ ያህል ሥሏታል። በ1908 እ.ኤ.አ. ለትርዒት ካዘጋጃቸው ሥዕሎች ቢያንስ 15ቱን በንዴት አጠፋቸው። ያውም ስሙ ገንኖ፣ ገዢው በር ላይ ቆሞ! በዓመቱ ግን 48 የኩሬ ሥዕል ይዞ ቀረበ። በ1912 የዓይን ሞራ ግርዶሽ እንዳለበት ሐኪም ነገረው፤ ቀለሙ ይደበዝዝበት፣ ይለዋወጥበት ጀመር። እስከ 1923 ቀዶ ሕክምናው ድረስ በዚያው ዓይኑ ሥዕሉን ቀጠለ። «እንግዲህ የሚጠብቀው ሰው ሞልቶለትም ንዴቱ አልቀረለትም» አልኩት። «እሱ ከነንዴቱ በማግስቱ ተመልሶ ይቀመጣል። ደግሞ የሱ ኩሬ ነው፤ ያንተ ሙሉ ሐይቅ!» ያኔ ሳቀልኝ።

ሁሉም ስህተት ግን እኩል አይደለም

አሁን «ታዲያ እንዳገኘን እንጨማለቅ ማለትህ ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። ኧረ በጭራሽ! ይህንንም የምትነግረን ያችው አምባሰል ናት። ውጫሌ ያለችው እዚያ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል፣ አንቀጽ 17 ላይ፣ በአማርኛው ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መነጋገር ቢፈልጉ የሚችሉ አድርጎ ሲያስቀምጣቸው፣ ኢጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገባቸው። የአንድ ግስ ነገር የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ አደረሰን። ስህተት ይሁን ተንኮል ለታሪክ ጸሐፊዎች እንተወውና፣ እኛ ለሥራችን የምንወስደው ይህን ነው፦ የምትናገሩትን ነገር የሚገለብጥ ስህተት ሌሊትም ቢሆን ተነስታችሁ አርሙት። ኩራታችሁን ብቻ የሚቆነጥጥ ስህተት ከሆነ ግን እለፉት። የዓሣ አጥማጁ ጣት መወፈር ሥዕሉን አይገለብጠውም። እጅ አልባ መሆኑ ግን ይገለብጠዋል፤ መረቡን በምን ይጎትተው?

ታዲያ ምን ይሻላል?

አንደኛ፣ ሰዓት ቁረጡ። በቀን 40 ደቂቃ ይበቃል፤ ብቻ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ይሁን። ስሜቱ እናንተን ቁጭ ብላችሁ ያግኛችሁ።

ሁለተኛ፣ ስልኩን ከክፍሉ አውጡት። ኪስ ውስጥ ሆኖ ድምፁን ማጥፋት አይበቃም፤ እጅ ሌባ ነው፣ ሳታውቁት ይሄድበታል። ለእናታችሁ ወይም ለእህታችሁ ስጡት። የሰውን ሥራ ማየት ደግ ነው፤ ግን ከሥራ በኋላ እንጂ በፊት አይሁን።

ሦስተኛ፣ የሚያቅታችሁን ነገር በርካሽ ወረቀት ተለማመዱ። እጅ ካቃታችሁ የራሳችሁ ግራ እጅ አለላችሁ፤ ሳይከፈለው ቆሞ ይሣልላችኋል! በካርቶን ጀርባ፣ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ሃያ ሠላሳ ጊዜ ሞክሩት። ሸራው ላይ የሚያስፈራው ነገር ካርቶን ላይ አያስፈራም።

አራተኛ፣ በተናደዳችሁበት ቀን አትደምስሱ። ሰባት ቀን አቆዩት፤ ፊቱንም ወደ ግድግዳ አታዙሩት። በስምንተኛው ቀንም ካስጠላችሁ ያኔ ፋቁት።

አምስተኛ፣ የሚጠብቃችሁ ሰው ፈልጉ። ታፔላው የሚያልቀው ደንበኛው ስለቆመ ነው ብለናል። ለአንድ ለምታምኑት ጓደኛ «በዚህ ቀን አሳይሃለሁ» በሉት፤ ቀኑ ሲደርስም ያለበትን ደረጃ አሳዩ።

ስድስተኛ፣ ይህን በጥሞና ስሙኝ። እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምግብ ካስጠላ፣ ነገር ሁሉ ከጨለመባችሁ፣ ያ የስሜት መምጣትና አለመምጣት ጉዳይ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በሐይቅና በውጫሌ በኩል ሲያልፍ ብዙ ወጣት ብዙ ነገር አይቷል። ሐኪም ማማከር ነውር የለውም። ችግሩ የዳቦ ከሆነም ታፔላውን አትናቁ፤ ቀለም የሚገዛላችሁ እሱ ነው። ብቻ መሣሪያውን አትሽጡ። ቀለሙን የሸጠ ሰው ነገ እጁ ሲበላው በምን ያክከዋል?

ልጁስ ምን ሆነ? ቁርጥ ያለ ነገር የለኝም። ደላላው ዛሬም ይደውላል፤ ልጁም ገና «ቀርቻለሁ» አላለም። ሸራ ማቆሚያውን ግን አልሸጠውም። ባለፈው አንድ ፎቶ ላከልኝ፤ ዓሣ አጥማጁ እጅ ወጥቶለታል። እጁ ከሰውነቱ ትንሽ ተልቋል፤ መረቡን ግን ጥብቅ አድርጎ ይዟል። ለእናቱም አሳይቷቸዋል።

እናንተስ? እስቲ ከየመሳቢያው፣ ከየአልጋው ሥር ፊቱን ያዞረውን ሥራችሁን ዛሬ ማታ አንዱን ገልብጡት። 40 ደቂቃ ብቻ! እስከ ሳምንት በቸር ይግጠመን።