የድብርት መድኃኒት ይጠቅማል ወይ?

እስቲ አንድ ቤት በዐይነ ኅሊናችን እንይ። ባልና ሚስቱ በቤተ ክርስቲያን ያደጉ፣ በኳየር ሲያገለግሉ የተዋወቁ፣ የሁለት ልጆች ወላጆች ናቸው። ሁለተኛው ልጅ ከተወለደ በኋላ ሚስት እንደ ቀድሞዋ አልሆነችም። ሌሊት እንቅልፍ በዐይኗ አይዞርም፤ ቀን ከአልጋ መነሣት ያቅታታል። መዝሙር ሲከፈት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ባል መጀመሪያ «ደክሟት ነው» አለ፤ ቆየት ብሎ «አስቀይሜያት ይሆን?» አለ፤ በመጨረሻም ሐኪም ዘንድ ወሰዳት። ሐኪሙ ሕመሟ ድብርት መሆኑን ነግሮ ኪኒን አዘዘላት።

ሁለት ወር ያህል ከወሰደች በኋላ ፊቷ መለስ ማለት ጀመረ። አንድ ቀን የቤት ኅብረት እህቶች ሊጠይቋት መጡና ኪኒኑን ኮመዲኖ ላይ አዩት። አንዷ በቅን ልብ፣ «እህቴ፣ ጌታ እያለሽ ይህን ትውጫለሽ?» አለቻት። በዚያው ምሽት ኪኒኑ ቆሻሻ ውስጥ ተጣለ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይህች ሴት ከቀድሞው በባሰ ጨለማ ውስጥ ነበረች፤ አሁን ደግሞ «እምነት የለኝም» የሚል ክስ ተጨምሮባታል።

ይህ ቤት በምናብ የተሳለ ነው። ሆኖም ብዙዎቻችን ይህን የሚመስል ነገር በቅርባችን ሳናይ አልቀረንም። በሌላ በኩል ደግሞ ኪኒኑ ብቻውን ሁሉን ያስተካክላል ብለው ጠብቀው፣ ያሰቡት ሳይሆን ሲቀር ተስፋ የቆረጡ ወገኖች አሉ። ታዲያ እውነቱ የት ላይ ነው? መድኃኒቱ ምን ያህል ይሠራል? ከእርሱ ሌላስ ምን አለ?

ድብርት ሐዘን ብቻ አይደለም

ሁላችንም እናዝናለን፤ ቀን አልፎ ሐዘኑም ይቀላል። ሐኪሞች ድብርት ወይም ድባቴ የሚሉት ሕመም ግን ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት ሰውን ይዞ የሚቆይ ነው። ደስ ያሰኝ የነበረው ነገር ሁሉ ጣዕም ያጣል። እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ይዛባሉ፤ ጉልበት ይከዳል፤ ሐሳብን መሰብሰብ ያዳግታል። ሰውየው ያለ በቂ ምክንያት ራሱን ይከስሳል፤ አልፎ ተርፎም ሞትን ይመኛል። የዓለም የጤና ድርጅት በዚህ ሕመም የሚሠቃዩትን ከ280 ሚሊዮን በላይ ያደርሳቸዋል።

አማኝን አይነካም የሚል ካለ ነቢዩ ኤልያስን ያስታውስ። ከቀርሜሎስ ድል በኋላ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦ ሞቱን የለመነው እርሱ ነበር (1ነገ. 19፥4)። በለንደን በሺህ ለሚቆጠሩ ሰዎች ይሰብክ የነበረው ቻርልስ ስፐርጀንም (1834–1892) ለብዙ ዓመታት በድብርት ተሠቃይቷል። እ.ኤ.አ. በ1856 በሚሰብክበት አዳራሽ «እሳት!» የሚል ጩኸት ባስነሣው ግርግር ሰባት ሰዎች ሞቱ። ስፐርጀን ያኔ ገና የ22 ዓመት ወጣት ነበር፤ የዚያ ቀን ሐዘን ዕድሜውን ሙሉ ተከትሎታል። ስለ ድብርቱም ለአገልግሎት ያሠለጥናቸው ለነበሩት ተማሪዎች በግልጽ ይናገር ነበር።

መድኃኒቶቹ ከየት መጡ?

የመጀመሪያው የድብርት መድኃኒት የተገኘው ሳይታሰብ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በኒው ዮርክ በሚገኝ የሳንባ ነቀርሳ ሆስፒታል ኢፕሮኒያዚድ የተባለ መድኃኒት ሲሞከር፣ በሽተኞቹ ከወትሮው የበለጠ ሲነቃቁና ሲደሰቱ ታዩ። ብዙ ሳይቆይ ሮላንድ ኩን የተባለ የስዊዘርላንድ ሐኪም ኢሚፕራሚን የተባለው መድኃኒት ድብርትን እንደሚያቀል አስተዋለ። በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን ከዚሁ ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ ፍሉኦክሴቲን ፕሮዛክ በሚል ስም በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ሰርትራሊንና ሌሎችም ተከተሉ።

ለብዙ ዓመታት «ድብርት የሚመጣው በአንጎል ውስጥ ሴሮቶኒን ሲያንስ ነው» ተብሎ ሲነገር ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 ልዩ ልዩ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ ግን ለዚህ አባባል ጽኑ ማስረጃ አላገኘም። ይህ ማለት መድኃኒቱ አይሠራም ማለት አይደለም። ፓራሲታሞል ራስ ምታትን የሚያስታግሰው ሰውነታችን ፓራሲታሞል ስላነሰው አይደለምና።

ጥናቶቹ ምን ይላሉ?

አንድ መድኃኒት መሥራቱ የሚታወቀው በማነጻጸር ነው። ከበሽተኞቹ ግማሾቹ እውነተኛውን መድኃኒት፣ ግማሾቹ ደግሞ መልኩ መድኃኒት የሚመስል፣ ውስጡ ግን መድኃኒት የሌለበት ኪኒን ይወስዳሉ። ሐኪሞች ይህን ፕላሲቦ ይሉታል፤ እኛ እዚህ «ባዶ ኪኒን» እንበለው።

እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ሥራ 522 ጥናቶችን፣ ከ116 ሺህ በላይ ሰዎችንና 21 መድኃኒቶችን አንድ ላይ መረመረ። ሁሉም መድኃኒቶች ከባዶው ኪኒን በልጠው ተገኙ። ልዩነቱ ግን ብዙ ሰው እንደሚያስበው ሰፊ አይደለም። በደምሳሳው፣ ባዶ ኪኒን ከወሰዱ 100 ሰዎች ከ20 እስከ 40 የሚሆኑት በስድስትና በስምንት ሳምንት ውስጥ ይሻላቸዋል፤ መድኃኒቱን ከወሰዱት ደግሞ ከ40 እስከ 60 የሚሆኑት። እንግዲህ መድኃኒቱ ራሱ የሚረዳቸው ከመቶው ወደ 20 የሚጠጉትን ነው። ለእነዚህ ሰዎችና ለቤተሰባቸው ይህ ታላቅ ነገር ነው፤ ግን ለሁሉ አይደርስም።

ሌላም ማወቅ የሚገባን አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 ተመራማሪዎች ለአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የቀረቡ 74 ጥናቶችን መረመሩ። መልካም ውጤት ካሳዩት 38 ጥናቶች 37ቱ ታትመው ወጥተዋል። ውጤታቸው ደካማ ወይም አጠራጣሪ ከሆኑት 36 ጥናቶች ግን 22ቱ ጨርሶ አልታተሙም፤ 11ዱም መልካም ውጤት እንዳገኙ ተደርገው ቀረቡ። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ሐኪሞችም ሕዝቡም ስለ መድኃኒቶቹ ከእውነቱ ያማረ ወሬ ሲሰሙ ኖረዋል።

የሕመሙ ክብደትም ለውጥ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ድብርቱ ቀላል ወይም መካከለኛ ሲሆን መድኃኒቱ ከባዶው ኪኒን ብዙም አይበልጥም፤ በጣም ሲከብድ ግን ጥቅሙ ጎልቶ ይታያል። የዓለም የጤና ድርጅትም ለቀላል ድብርት መድኃኒት አያስፈልግም ይላል።

ለተሻለው ሰውስ? በእንግሊዝ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት መድኃኒቱን ለረጅም ጊዜ ሲወስዱ የቆዩና የተሻላቸውን 478 ሰዎች ተከታተለ። በአንድ ዓመት ውስጥ መድኃኒቱን ከቀጠሉት 39 ከመቶ፣ ቀስ በቀስ ካቆሙት 56 ከመቶ ሕመሙ ተመለሰባቸው። ማቆም ይቻላል፤ ከቆሙትም ብዙዎቹ ደኅና ሆነው ቆይተዋል። ግን በጥድፊያና በድብቅ የሚደረግ ነገር አይደለም።

መድኃኒቱ የሚያስከፍለው ዋጋ

መድኃኒቱ በአንድ ቀን አይሠራም። ለውጡ የሚታየው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ዘግይቶ ነው። ማቅለሽለሽ፣ የራስ ምታትና የእንቅልፍ መዛባት ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊመጡ ይችላሉ። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚተወው በዚህ ጊዜ ነው። አሚትሪፕቲሊን አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ እንቅልፍ ያበዛል፤ ከመጠን በላይ ከተወሰደ ደግሞ ልብን ይጎዳል፤ ሊገድልም ይችላል። ስለዚህ በሽተኛው ሞትን የሚመኝ ከሆነ ኪኒኑን ሌላ ሰው ይያዝለት። ከ2004 ዓመተ ምሕረት እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ በእነዚህ መድኃኒቶች ላይ፣ በልጆችና በወጣቶች ዘንድ ራስን የመግደል ሐሳብ ሊጨምር እንደሚችል ማስጠንቀቂያ ይጻፋል፤ ወጣት ሲጀምር ቤተሰብ በቅርብ ይከታተለው።

ባለትዳሮች የማይነጋገሩበት ሌላ ጉዳይ አለ። ፍሉኦክሴቲንና ሰርትራሊንን የመሳሰሉት መድኃኒቶች ለግብረ ሥጋ ግንኙነት ያለውን ፍላጎትና እርካታ ሊቀንሱ ይችላሉ። ይህን የማያውቅ ባል «ጠላችኝ» ይላል፤ የማታውቅ ሚስትም ሌላ ትጠረጥራለች። አፍሮ ዝም ከማለት ለሐኪሙ መንገር ይሻላል፤ መጠኑን ማስተካከል ወይም መድኃኒቱን መቀየር ይቻላልና። ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናትም ይህንኑ አስቀድማ ትናገር።

መድኃኒቱን በድንገት ማቋረጥ ማዞር፣ መበሳጨትና እንቅልፍ ማጣት ሊያመጣ ይችላል። ከተሻለም በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር መቀጠል የተለመደ ምክር ነው። ሲቆምም ከሐኪም ጋር ሆኖ፣ መጠኑን ጥቂት በጥቂት በመቀነስ ነው።

ከኪኒን ሌላ ያሉ መንገዶች

ቀደም ብለን ያየነውን እናስታውስ። ባዶ ኪኒን ወስደው የተሻላቸው ሰዎች ለምን ተሻላቸው? አንዳንዱ ሕመም በጊዜ ብዛት ይለቃል። ሌላው ግን አንድ ሰው ተቀብሎ ስላነጋገራቸው፣ ስለተከታተላቸውና ተስፋ ስለሰጣቸው ነው። የሰው ቅርበት ራሱ ጉልበት አለው ማለት ነው።

ይህን ጉልበት በሥርዓት የሚጠቀመው የንግግር ሕክምና ነው። በሽተኛው ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር በየሳምንቱ ተገናኝቶ የሚያሰቃዩትን ሐሳቦች ይመረምራል፤ የተዋቸውን ሥራዎች በትንሽ በትንሹ እንደገና ይጀምራል፤ ከሰው ጋር ያለውን ግጭትና ሐዘን ይፈታል። በብዙ ጥናቶች ውጤቱ ከመድኃኒት ጋር የሚቀራረብ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሰጡ ደግሞ ከእያንዳንዱ ለብቻው ይሻላሉ።

«ይህ ለሀብታም አገር ነው» የሚል ቢኖር ወደ ጎረቤቶቻችን ይመልከት። በኡጋንዳ ገጠር፣ የአካባቢው ሰዎች ሠልጥነው በመንደራቸው ያሉ የታመሙ ሰዎችን በቡድን እየሰበሰቡ ለ16 ሳምንታት አወያዩ። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመው ውጤት መሠረት፣ በቡድኑ ከነበሩት በሕመሙ እንደተያዙ የቀሩት 6.5 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ ቡድን ካልገቡት ግን 54.7 ከመቶ። በዚምባብዌ ደግሞ ሳይካትሪስቱ ዲክሰን ቺባንዳ አያቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ የታመመውን እንዲያዳምጡና ችግሩን አብረው እንዲፈቱ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ጥናት፣ ከስድስት ወር በኋላ የድብርት ምልክት የቀረባቸው 13.7 ከመቶ ሲሆኑ፣ በተለመደው አገልግሎት ከታዩት ግን 49.9 ከመቶ ነበሩ። እነዚህ አያቶች ሐኪሞች አልነበሩም፤ ማዳመጥን የተማሩ እናቶች ናቸው።

የአካል እንቅስቃሴም ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመና 218 ጥናቶችን የመረመረ ሥራ፣ የእግር ጉዞ፣ ሶምሶማና ጡንቻ የሚያጠነክር ስፖርት ድብርትን እንደሚያቀሉ አሳይቷል። በሌላ በኩል ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን አንዳንዴ የሚልኩት ሴንት ጆንስ ወርት የተባለ ዕፅ አለ። ቀላል ድብርትን ሊረዳ ይችላል፤ ነገር ግን የእርግዝና መከላከያን፣ የኤችአይቪ መድኃኒትንና ደም የሚያቀጥን መድኃኒትን ኃይል ያዳክማል፤ ከድብርት ኪኒን ጋር ሲደረብም አደገኛ ነው። ለሐኪም ሳይነገር አይወሰድ።

ባለትዳሮች ሆይ

የትዳር ጓደኛህ ቢታመም «ተነሽ፣ ተበራቺ» ማለት አይበቃም፤ ብትችል ትነሣ ነበር። ሐኪም ዘንድ አብረሃት ሂድ። የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ችግርም ድብርት የሚመስል ነገር ስለሚያመጡ ይመርመሩ። ከዚህ ቀደም ያለ ልክ የመደሰት፣ ሳይተኙ የመዋልና የማደር ጊዜ ከነበረም ንገሩ፤ ለእንዲህ ያለው ሕመም የድብርት ኪኒን ብቻውን ሊያባብስ ይችላል። አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ብቻ ሳይሆን ሌሎች ሆስፒታሎችና አንዳንድ ጤና ጣቢያዎችም ይህን አገልግሎት ይሰጣሉ። ጠዋት ለግማሽ ሰዓት አብራችሁ በእግር ሂዱ። ልጆቹን ለአንድ ሌሊት ተቀበላትና ትተኛ። «መሞት ይሻለኛል» የሚል ቃል ከሰማህ ግን ነገ አትበል፤ ብቻዋን አትተዋት፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ውሰዳት።

እግዚአብሔር ኤልያስን እንዴት እንደረዳው እናስተውል። በመጀመሪያ አልገሠጸውም። አስተኛው፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ እንደገና አስተኛው። ከዚያ በኋላ አነጋገረው፤ በመጨረሻም ኤልሳዕን ጓደኛ አድርጎ ሰጠው። ኢሳይያስም ለሕዝቅያስ የእግዚአብሔርን የፈውስ ቃል ካደረሰ በኋላ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዝዟል (2ነገ. 20፥5-7)። ጸሎትና ጥፍጥፍ በአንድ ክፍል ውስጥ ነበሩ።

እንግዲህ ወደ ጀመርንበት ቤት እንመለስ። ያቺ እህት ኪኒኑን ባየች ጊዜ ምን ብትል ይሻል ነበር? «እህቴ፣ ተሻለሽ ወይ? ሐኪሙ ቀጥዪ ብሎሻል? ነገ መጥቼ ልጆቹን ልያዝልሽና አንቺ ተኚ፤ አሁን ደግሞ አብረን እንጸልይ።» ይህን ለማለት የሕክምና ትምህርት አያስፈልግም። ኪኒኑ ተአምር አይደለም፤ ኃጢአትም አይደለም። ለአንዳንዱ ብዙ የሚረዳ፣ ለአንዳንዱ ጥቂት፣ ለአንዳንዱም የማይረዳ የሰው እጅ ሥራ ነው። ጀምሮ የተሻለውን ሰው እኛ አናስጥለው፤ ያልሠራለትንም እኛ አንክሰሰው። አጠገቡ እንቀመጥ።

ጌታ በየቤታችን በዝምታ የሚሠቃዩትን ይጎብኝ፤ እኛንም አጽናኞች ያድርገን።