ወገቡን ያመመው ፈረሰኛ ለምን ይተኛል?

ፈረስ ባለበት አገር ሁሉ ሁለት ነገር አንድ ላይ ሲነገር ትሰማላችሁ። አንደኛው «ፈረስ ወገብ ይጨርሳል» የሚለው ነው። ሁለተኛው «ወገቡ ያለቀ ሰው መድኃኒቱ መተኛት ነው» ይላል። የመጀመሪያው ስህተት ቢሆንም ጉዳቱ ቀላል ነው። ሁለተኛው ግን ጤነኛ ሊሆን የሚችለውን ሰው አልጋ ላይ እያስቀረ ነው።

የመጀመሪያውን ለመመዘን እስከ ጋምቤላ ክልል፣ እስከ ዲማ መውረድ ይበቃል። ቆላው የገንዲ አገር ነው፤ የቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው ይህ በሽታ ፈረስን ስለሚፈጅ ፈረስ እንደ ደጋው አይረባበትም። የወገብ ህመም ግን ሞልቷል። በአኮቦ ወንዝ አካባቢ ወርቅ የሚያወጣው ሰው ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ይቆፍራል፣ አፈር ይሸከማል፣ ውሃ ውስጥ ቆሞ አሸዋ ያጥባል፤ ከዚያ በሞተር ሳይክል እየነጠረ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ፈረስ በሌለበትም ወገብ ይታመማል።

ይህ ማለት ፈረሰኞች የሚያማርሩት በከንቱ ነው ማለት አይደለም። በጀርመን 58 ምርጥ ፈረሰኞችን ፈረስ ከማይጋልቡ 30 ሰዎች ጋር ያነጻጸረ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት አለ። ከፈረሰኞቹ 88 ከመቶው የወገብ ህመም ገጥሟቸው ያውቃል፤ ከሌሎቹ 33 ከመቶው። የአከርካሪያቸው የኤምአርአይ ምስል ሲታይ ግን በዲስክ መጎዳት በኩል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ህመሙ እውነት ነው፤ «አከርካሪው አልቋል» የሚለው ፍርድ ግን ማስረጃ የለውም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ወገብ ሲያም መተኛት ደህና ምክር የሚመስለው ያለ ምክንያት አይደለም። በመጀመሪያው ቀን ጋደም ሲሉ ህመሙ ጋብ ይላል፤ አንድ ሁለት ቀን አረፍ ማለት ፈውሱን ቢያዘገይ እንጂ የከፋ ጉዳት አያደርስም። ትልቁ ጥፋት አንድ ሁለት ቀኑ ወር ሲሆን ነው።

አንድ የአዊ ፈረሰኛ አውቃለሁ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከተመሠረተበት ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ጥር 23 በአዊ የፈረሰኞች ትልቅ ቀን ነው፤ ይህም ሰው በዓሉን እንጅባራ አክብሮ ሲመለስ ወገቡን ያዘው። ጠያቂ ሁሉ እየመጣ «አደራ እንዳትነሳ! አከርካሪህ ይንሸራተታል» ይለዋል። ምግቡ አልጋው ድረስ ይመጣለታል፣ ውሃ እንኳ ሰው ነው የሚያቀብለው። ፋሲካ ሲደርስ ጭኑ ሟሙቶ ሱሪው ሰፍቶታል፤ ከመደቡ የሚነሳው ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ተክሎ ነው። ፈረሱ ያላደረሰበትን ጉዳት አልጋው አደረሰበት።

እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ የፊንላንድ ጥናት ይህን ፈትኖታል። ወገባቸውን ድንገት የያዛቸው 186 የሄልሲንኪ ከተማ ሠራተኞች በሦስት ተከፈሉ፤ አንዱ ወገን ሁለት ቀን ተኛ፣ ሌላው የወገብ ስፖርት ሠራ፣ ሦስተኛው ህመሙ እስከፈቀደለት ድረስ የዘወትር ኑሮውን ቀጠለ። ከሁሉ ቀድሞ የዳነው ሦስተኛው ነው። የተኙት ደግሞ ከሁሉ ዘገዩ፤ ያውም በሁለት ቀን ብቻ! ወገብን ደግፎ የሚይዘው ጡንቻ ነው፤ ጡንቻ ካልሠራ ይላላል። መተኛቱ ሲረዝም ፍርሃቱም ይጨምራል፤ ሰውየው ጎንበስ ለማለት እንኳ ይሰጋል።

ጠያቂ ጎረቤት አሳቢ ነውና አልቀየመውም። ትዕግሥቴ የሚያልቀው የታማሚውን ፊት ሳያዩ በቲክቶክ «ሦስት ወር ሳትንቀሳቀስ ተኛ» እያሉ በሚያዙት ላይ ነው። አርሶ የሚያድር ሰው ሦስት ወር ተኛ ማለት እርሻህን ተው ማለት ነው። ለዚህ ቃላቸው ማንም አይጠይቃቸውም።

ስለ ወገብ ህመም የሚባሉትን ሌሎቹን ባጭሩ፦

«ብርድ መታኝ»፦ ሙቀት የተኮማተረ ጡንቻን ስለሚያፍታታ እፎይታው እውነት ነው፤ የህመሙ ምንጭ ብርድ ነው ለማለት ግን አያበቃም።

«ኩላሊቴ ነው»፦ የኩላሊት ህመም ብዙውን ጊዜ ከጎድን በታች በአንድ ጎን ይሰማል፤ ትኩሳት ወይም የሽንት ለውጥ ይከተለዋል። ጎንበስ ቀና ሲሉ የሚብሰው አብዛኛውን ጊዜ ኩላሊት አይደለም።

«የወገብ ቀበቶ ያድናል»፦ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ባወጣው መመሪያ ሥር ለሰደደ የወገብ ህመም ቀበቶን አይመክርም፤ የአካል እንቅስቃሴን ይመክራል።

«ከፈረስ የወደቀን ወጌሻ ይሽው»፦ በፍጹም! አጥንት ተሰብሮ ከሆነ ማሸት ሰረሰርን ሊጎዳና ሽባ ሊያደርግ ይችላል። የወደቀውን ሰው አንገቱንና ጀርባውን ሳታጥፉ፣ በጠፍጣፋ ሳንቃ ላይ አድርጋችሁ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ያለመነቃነቅ ምክር ቦታው እዚህ ነው፤ እሱም ስብራት እንደሌለ እስኪረጋገጥ ድረስ ብቻ።

ታዲያ ወገቡን ያመመው ፈረሰኛ ምን ያድርግ? ህመሙ እንደፈቀደለት ወዲያው በእግሩ መሄድ ይጀምር፤ በየቀኑ ጥቂት እየጨመረ። ወደ ኮርቻ ሲመለስ በዝግታ እርምጃና በአጭር መንገድ ይጀምር። ሲወጣ ከመሬት ከመንጠልጠል ድንጋይ ላይ ቆሞ ይውጣ። ሲቀመጥ ጆሮው፣ ትከሻው፣ ዳሌውና ተረከዙ በአንድ መስመር ይዋሉ፤ እግሩን ወደፊት ዘርግቶ ወደ ኋላ የሚለጠጥ ሰው ንጥረቱን በሙሉ በወገቡ ይቀበላል። ለወገብ ክፉው ሶምሶማ ነው፤ እርካብ ረግጦ ከፈረሱ ጋር ብድግ ቁጭ ማለት ጫናውን ወደ እግር ያወርዳል። በአውራ ጣት ብቻ የሚያዘው እርካብ ለዚህ ስለማይመች፣ እስኪሻለው የእግሩን ፊት በሙሉ የሚያሳርፍበት ሰፊ እርካብ ይያዝ። ጉግስና ሽምጥ ግልቢያ ይቆዩት።

አብዛኛው የወገብ ህመም መነሻው ይህ ነው ተብሎ አይለይም፤ ሐኪምም ቢሆን እቅጩን ላይነግራችሁ ይችላል። የማይጠበቁት ምልክቶች ግን የታወቁ ናቸው። እግር እየዛለ ከሄደ፣ መቀመጫና ብልት አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሽንት አልወጣ ወይም አልያዝ ካለ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። ሌሊት የሚያልብ፣ የሚያከሳ፣ ሳምንታት የቆየ ህመም የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል። ከእነዚህ አንዱም የሌለበት ሰው ዘንድ ለጥየቃ ስትሄዱ አልጋው አጠገብ ቁጭ አትበሉ፤ አስነሡትና አብራችሁት እስከ ደጅ ውጡ።