ሥጋ ደዌን በጤና ጣቢያ ማከም፦ ባለሙያዎች ምን ያነሳሉ?

#ጤና

ሥጋ ደዌ ሲባል ብዙዎቻችን የድሮ በሽታ ይመስለናል። ግን አልጠፋም። በኢትዮጵያ ዛሬም በየዓመቱ ከ2 ሺህ በላይ አዳዲስ ታማሚዎች ይመዘገባሉ።

ቀድሞ ሕክምናው የሚታወቀው እንደ አዲስ አበባው አለርት ባሉ ልዩ ማዕከላት ነበር። አሁን ከቲቢ ጋር ተጣምሮ በጤና ጣቢያም ይሰጣል። መድኃኒቱ በነጻ ነው፤ እንደ በሽታው ዓይነት ለ6 ወይም ለ12 ወር ይወሰዳል፤ ያድናል።

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው?

የጤና ባለሙያዎች አሠራሩን ይደግፉታል። ታማሚው ሩቅ አይጓዝም፤ እንደማንኛውም ሰው ተራ ይዞ ስለሚታከም መገለሉም ይቀንሳል። የሚያሳስባቸው ሌላ ነው፦

👉 አንድ ጤና ጣቢያ በዓመት አንድ ታማሚ እንኳ ላያገኝ ይችላል። አይተውት የማያውቁትን በሽታ መለየት ደግሞ ይከብዳል።

👉 የሠለጠነው ባለሙያ ሲዛወር እውቀቱም አብሮት ይሄዳል።

👉 ምልክቱ ቋቁቻ ወይም ጭርት ተብሎ፣ ቅባት ታዝዞ ይታለፋል። በዚህ መሃል ነርቭ ይጎዳል። ቆይቶ የተጎዳን ነርቭ መድኃኒቱ አይመልሰውም።

መድኃኒቱ መቅረቡ ብቻ አይበቃም፤ በሽታውን የሚለይ ዓይንም መቅረብ አለበት።

እኛስ ምን እናድርግ? ቆዳችን ላይ የፈዘዘ ወይም የቀላ፣ ሲነኩት የማይሰማ ምልክት ካየን ጤና ጣቢያ እንሂድ። "ስነካው አይሰማኝም" ብለን እንንገራቸው፤ በጥጥ ነክተው መፈተሽ ይችላሉ።

ሥጋ ደዌ እርግማን አይደለም፤ በባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ ነው። ሕክምና ከጀመረ ሰው የምንርቅበት ምክንያት የለም።