ሁለት ሸክላ፣ አንድ ምት

ጨፋሪው የሚሰማው ሸክላ በደቂቃ 124 ጊዜ ይመታል፤ ዲጄው በጆሮ ማዳመጫ ብቻ የሚሰማው ቀጣዩ ደግሞ 120። እንዲሁ ቢደባለቁ ከበሮዎቹ እየተራራቁ የፈረስ ግልቢያ ይመስላሉ፤ ጨፋሪውም እግሩ ይጠፋበታል።

ታዲያ ቀርፋፋውን በ3.3 በመቶ ማፍጠን ነዋ! እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው ቴክኒክስ ኤስኤል-1200 ማርክ 2 የሸክላ ማጫወቻ ለዚህ ተንሸራታች መቆጣጠሪያ አለው፤ ፍጥነቱን እስከ 8 በመቶ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። (የዘፋኙም ድምፅ ትንሽ ይቀጥናል፤ ሸክላ ላይ ፍጥነትና ቅጥነት አይነጣጠሉም።)

ግን እኩል መፍጠንና እኩል መርገጥ ለየቅል ናቸው። ሁለት ሯጮች በአንድ ፍጥነት እየሮጡ አንዱ ግማሽ እርምጃ ሊቀድም ይችላል አይደል? ለዚህ መድኃኒቱ ጣት ነው፤ ቀጣዩ ሸክላ ከቀደመ ጠርዙን ነካ አድርጎ ማዘግየት፣ ከዘገየ ገፋ ማድረግ።

ጣት ግን ክፍተቱን እንጂ ፍጥነቱን አያርምም። 0.1 በመቶ ልዩነት ቀረ እንበል፤ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ምቶቹ በ60 ሚሊ ሰከንድ ይለያያሉ፣ ጆሮም ድርብ ከበሮ ይሰማል። ስለዚህ ጎበዝ ዲጄ የገዛ ጣቱን ይታዘባል፤ ደጋግሞ ወደፊት እየገፋ ከሆነ መቆጣጠሪያውንም ወደ ፈጣኑ ፈቀቅ ያደርገዋል። እኛ ኢንጂነሮች በተጠራቀመ ስህተት ማረም የምንለው ይኸው ነው፣ ያውም ያለ ኮምፒውተር።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የታተሙትን የአምሃ ሪከርድስ ሸክላዎች የሚያደባልቅ ግን በዚህም አያርፍም። ከበሮውን የመታው ሰው ነውና ፍጥነቱ እዚያው ዘፈን ውስጥ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ጣቱም ሁለቱ ዘፈኖች እስኪለያዩ ድረስ ከሸክላው አይርቅም።