የማይቆጠረው እንግዳ

ከደሴ መናኸሪያ የሐይቁ ሚኒባስ ረዳት «ሐይቅ፣ ሐይቅ፣ ሁለት ሰው!» እያለ ይጣራል። ሁለት ሰው የሚለው አምስት ሲጎድለው ነው። ከኋላ ባዶ ጆንያ የጠቀለለ ገበሬ፣ በመሐል ዓሣ ሊበሉ የሚወርዱ ተማሪዎች፣ ከፊት ነጠላዋን ያጣፋች እናት ተቀምጠዋል። እሷ ሐይቅ እስጢፋኖስን ልትሳለም ነው። ከእነዚህ ተሳፋሪዎች አንዱንም «ቱሪስት» ብሎ የሚጠራ የለም። ቱሪስት በእኛ አፍ ፈረንጅ ነው፤ ካሜራ አንጠልጥሎ ወደ ላሊበላ ሲያልፍ ደሴ ላይ አንድ ሌሊት ያደረው።

የደቡብ ወሎን ቅርስ የጎዳው ይህ አቆጣጠር ይመስለኛል።

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስንጓዝ ተሁለደሬ ወረዳ እንገባለን። የጤፍ፣ የማሽላና የጫት አገር ነው። ሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለው ሐይቅ መውጫ የለውም። ትንሹ ሐርድቦ ሐይቅ ከላይ ሆኖ በአንኳርካ ወንዝ ውኃውን ይልክለታል። ዛሬ የአስፋልቱ ዳር የሚሸተው የዓሣ ጥብስ የጥንት አይደለም፤ ቆረሶ የተባለው ዓሣ ወደ ሐይቁ የተጨመረው በ1970 ዓ.ም. ገደማ ነው። ጥርት ያለው ውኃ ከዚያ በኋላ እየደፈረሰ መምጣቱን የሐይቅ አጥኚዎች ጽፈዋል። ከተሜው ቅዳሜ ወርዶ የሚበላው ዓሣም እንግዲህ ታሪክ አለው።

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በፊት ደሴት ነበር፤ አሁን ውኃው ሸሽቶ በእግር የሚገባበት ልሳነ ምድር ሆኗል። አባ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ ተምረው መጥተው በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ እዚህ ትምህርት ቤት ከፈቱ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከተማሪዎቻቸው አንዱ ናቸው። በጣና የዳጋ እስጢፋኖስን የመሠረቱት አባ ሂሩተ አምላክም ከዚሁ የወጡ ናቸው። የገዳሙ አበምኔት «ዓቃቤ ሰዓት» ተብሎ በቤተ መንግሥት ከነገሥታቱ አጠገብ የሚቀመጥበት ዘመንም ነበር። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ1273 ዓ.ም. ገደማ ያጻፉት ወንጌል ዛሬም ገዳሙ ውስጥ አለ፤ የራሳቸው ሥዕልና ለገዳሙ የተሰጡ መጻሕፍት ዝርዝር ይገኝበታል። የአገሪቱን ብራናዎች በማይክሮፊልም ያነሱ ባለሙያዎች ቀድተውታል፣ የውጭ ሊቃውንት ደግሞ ብዙ ጽፈውበታል። የኛዋ እናት ግን ይህን ሁሉ አታይም። ሴት ወደ ወንዶቹ ገዳም አትገባምና ከደጅ ተሳልማ፣ ጸበሏን በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛ ትመለሳለች። ለመጓጓዣ ከፍላለች፣ ሻይ ጠጥታለች፣ ለመንገድ ሎሚ ገዝታለች። ወረዳው ውስጥ የቀረው ገንዘቧ ደሴ ላይ አድሮ ካለፈው ፈረንጅ ሳይበልጥ አይቀርም።

በአምባሰል ደግሞ መስከረም 21 ይምጣ። ግሸን ደብረ ከርቤ በመስቀል ቅርጽ የተዘረጋ አምባ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ግማደ መስቀሉን ያስቀመጡበት ቦታ መሆኑን መጽሐፈ ጤፉት ይተርካል፤ ከዚያ በፊትና በኋላም የነገሥታት ልጆች እንዳይሸፍቱ የሚጠበቁበት አምባ ነበር። በዚያ ሳምንት ከአራቱም አቅጣጫ የሚመጣው ሰው ክረምቱ በተወው ጭቃ ዳገቱን ይወጣል። ገበሬው በቅሎ ያከራያል፣ እሸት በቆሎ ይጠብሳል፣ ጓሮውን ለማደሪያ ይሰጣል። ከበዓሉ በኋላ በዜናውም በሪፖርቱም የምንሰማው «በርካታ ምዕመናን በተገኙበት» የሚል ነው። በርካታ ስንት ነው?

በአልብኮ የጃማ ንጉሥን መውሊድ ያየ ሰው ይኸው ጥያቄ ይመጣበታል። ሙጃሂድ ሼህ ሙሐመድ ሻፊ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ያቋቋሙት የእውቀትና የዱዓ ቦታ ነው። ከኮምቦልቻ በስተደቡብ ምሥራቅ በቃሉ ወረዳ ያለው ጌታ የተባለው ቦታም ሐጂ ቡሽራ ያቀኑት ተመሳሳይ ማዕከል ነው። ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ ስለነዚህ ቦታዎች የጻፉት መጽሐፍ በእንግሊዝኛ የታተመው በ2001 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ዘያሪው በመንዙማ ያድራል፣ በቅሎና ስንቅ ይዞ ይመጣል፤ ከመንደሩ ገዝቶ የሚበላው ደግሞ ቀላል አይደለም። (ስለ ወሎ መቻቻል ባነር ሲሰቀል አየሁ፤ ለዘያሪው የሚሆን የመጸዳጃ ቤት ግን አላየሁም።)

ይስማ ንጉሥን በአጭሩ ልለፈው። አንቀጽ 17ቱ ለዓድዋ ጦርነት ምክንያት የሆነው የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመበት ቦታ እዚሁ አምባሰል ነው። የአገራችን የታሪክ ፈተና ላይ በየዓመቱ ይመጣል፤ ቦታውን የረገጠ ተማሪ ግን ጥቂት ነው።

ሕጉ ምን ይላል? የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ የያዘ ሰው በራሱ ወጪ እንዲጠብቀው ያዛል፤ ወጪው ከአቅሙ በላይ ሲሆን መንግሥት ከፊሉን ሊሸፍን ይችላል። «ይችላል» የምትለዋ ቃል ብዙ ጣሪያ አፍስሳለች። መነኩሴው ብራናውን ከዝናብ የሚጠብቀው በራሱ ጆንያና በራሱ ሳጥን ነው። እስከ ዛሬ የተረፈልንም እንዲህ ባሉ ጠባቂዎች ነው። ከመቅደላ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ከተዘረፉት መጻሕፍት ብዙዎቹ ዛሬ ለንደን ውስጥ ቁጥር ተሰጥቷቸው ይታያሉ፤ የሐይቁ ወንጌል እዚሁ የቀረው ደግሞ ጠባቂዎቹ ስላልተለዩት ነው።

ከተማ ውስጥ ያለውም አልተረፈም። በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ ቤት ያለው የደሴ ሙዚየም ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር 2014 ዓ.ም. ከተማዋ በጦርነቱ በተያዘችበት ጊዜ ተዘረፈ።  እንግዳውም ቀንሷል፤ ከኮሮናው ዘመን ጀምሮ ፈረንጁ ቀርቷል። ሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ደግሞ የአገር ውስጥ መንገደኛም ሳይቀር ከመነሳቱ በፊት «መንገዱ እንዴት ነው?» ብሎ ስልክ ይደውላል። «ቱሪዝሙ ሞተ» ተባለ። ምዕመኑና ዘያሪው ግን መንገድ በተገኘ ቁጥር መጥቷል።

የወረዳ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች ገንዘብ እንደሌላቸው አውቃለሁ። የምጠይቀው ግን ገንዘብ አይደለም። በመጪው መስከረም 21 የግሸን ዳገት ሥር፣ በመውሊድ የጃማ ንጉሥ መግቢያ ላይ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሐይቅ ከተማ አስፋልት ዳር ሁለት ሁለት ተማሪዎች እስክሪብቶና ደብተር ይዘው ይቁሙ፤ ስንት ሰው መጣ፣ ከየት መጣ፣ የት አደረ ብለው ይጻፉ። ሽንት ቤት ለመቆፈር፣ ውኃ ለማስገባትና ለገበሬው ማደሪያ ብድር ለመጠየቅ መነሻው ያ ደብተር ነው። ያቺ የነጠላዋ እናትም አንድ ቁጥር ተብላ ትጻፍ።