የመሪ መለወጥና የሕዝብ ሸክም

በሕዝብ ድምፅ በሚተዳደሩ አገሮች አንድ የፖለቲካ ፓርቲ ሞገሱ ሲቀንስና የምርጫው ቀን ሲቃረብ፤ አባሎቹ አስቀድመው የሚያስቡት መሪያቸውን መለወጥ ነው። ይህ ምክር አንዳንድ ጊዜ ድልን፤ አንዳንድ ጊዜም ውድቀትን ሲያስከትል ታይቷልና ምክንያቱን መመርመር ይገባል።

በቅዱሳት መጻሕፍት እንደምናነበው፤ ሰሎሞን ካረፈ በኋላ ሕዝቡ ልጁን ሮብዓምን የለመነው የአባቱ ቀንበር እንዲቀልለት ነበር። አዲሱ ንጉሥ ግን የሽማግሌዎችን ምክር ትቶ ቀንበሩን እንደሚያከብደው በተናገረ ጊዜ ዐሥሩ ነገድ ተለዩት። አዲስ ንጉሥ ነግሦ ነበር፤ ሸክሙ ግን አልቀለለም።

በቅርብ ዘመንም ይኸው ነገር ደርሷል። በእንግሊዝ አገር ወይዘሮ ማርጋሬት ታቸር ሦስት ጊዜ በምርጫ ካሸነፉ በኋላ፤ መንግሥታቸው በቤት ዋጋ ፈንታ በየሰዉ ራስ የሚቈጠር የነፍስ ወከፍ ግብር ስለ ደነገገ ሕዝቡ እጅግ ተማረረ፤ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በመጋቢት 1990 ዓ.ም. በሎንዶን ታላቅ ሁከት ተነሣ። ወግ አጥባቂው ፓርቲ በኅዳር ወር ሚስተር ጆን ሜጀርን ተካ። እርሳቸውም በ1991 ዓ.ም. ያ ግብር በሌላ እንዲለወጥ አደረጉ፤ ብዙዎች ይሸነፋሉ ብለው ሲጠብቁም በሚያዝያ 1992 ዓ.ም. 336 እንደራሴዎች አስመርጠው አሸነፉ።

በካናዳ ግን ነገሩ ሌላ ኾነ። የሚስተር ብራያን መልሩኒ መንግሥት በ1991 ዓ.ም. በዕቃና በአገልግሎት ላይ ከመቶ 7 ግብር ጥሎ ነበር። በሰኔ 1993 ዓ.ም. ወይዘሮ ኪም ካምቤል ሲተኩ የሕዝቡ ልብ ለጥቂት ጊዜ ተመለሰ፤ ነገር ግን ግብሩ እንደ ጸና ቀረ፤ በምዕራቡ ክፍልና በኪቤክም አዳዲስ ፓርቲዎች ደጋፊዎቻቸውን ወሰዱባቸው። በ1988 ዓ.ም. 169 መቀመጫ ያገኘው ፓርቲ በጥቅምቱ ምርጫ 2 ብቻ ቀረለት፤ ወይዘሮ ካምቤልም የራሳቸውን መቀመጫ አጡ።

በዚያው አገር በ2025 ዓ.ም. ሊበራሎች ሚስተር ጀስቲን ትሩዶን በሚስተር ማርክ ካርኒ ሲተኩ፤ አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር በተሾሙበት ቀን ሕዝቡ ያማረረውን፤ በነዳጅ ላይ የተጣለውን የካርቦን ክፍያ አስቀሩ። ፓርቲያቸውም በሚያዝያ ወር ከ343 መቀመጫ 169 አግኝቶ አንደኛ ወጣ። እርግጥ ነው፤ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ በካናዳ ላይ የጣሉት ቀረጥና አገሪቱን ለመጠቅለል የተናገሩት ቃል ሕዝቡን አስቈጥቶ ረድቷቸዋል። ቢኾንም የቀድሞውን ሸክም ተሸክመው ወደ ምርጫው ቢገቡ ኖሮ ተቃዋሚዎቻቸው በዚያው በከሰሷቸው ነበር።

ከዚህ እንደምንረዳው፤ የመሪ መለወጥ የሕዝቡን ጆሮ ለጥቂት ቀን ያስከፍታል፤ የሚሰማው ከቀድሞው ያልተለየ እንደ ኾነ ግን ተመልሶ ይዘጋል። ስለዚህ ለውጥን የሚመክሩ ሁሉ አስቀድመው፤ ሕዝቡ ያዘነው በሰውዬው ነው ወይስ በሥራው? ብለው ይጠይቁ። በሥራው ከኾነ፤ ሥራው ሳይታረም የሚሾመው ሰው የሌላውን ዕዳ ከፋይ ኾኖ ይቀራል።

ይህም ለፓርቲዎች ብቻ የሚነገር አይደለም። በማናቸውም መሥሪያ ቤት በቀድሞው ሹም ወንበር የሚቀመጥ አዲስ ሹም፤ የደስታ መግለጫውን ከመቀበሉ በፊት የባለጉዳዮችን አቤቱታ መዝገብ ገልጦ ይመርምር።